የባለቤቴ አውሮፕላን

ባለቤቴ ትምህርቱን ጨርሶ ከቼኮዝሎቫኪያ ሲመለስ እኔ ገና አላውቀውም ነበር። ስለዚያ ቀን የማውቀው እህቶቹ ደጋግመው ካወሩልኝ ነው። ያኔ ከውጭ የሚመለስ ተማሪ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ፣ ቢያጣ ቢያጣ አንድ የሚያምር ብርድ ልብስ ይዞ እንዲመጣ ይጠበቅ ነበር። እሱ አንድ ሻንጣና አንድ ረጅም የጣውላ ሣጥን ይዞ መጣ። አዲስ አበባ እናቱ ቤት፣ ዘመድ አዝማዱ በተሰበሰበበት ሣጥኑ ሲከፈት በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስስ እንጨቶች፣ ከሕፃን ጡጫ የማትበልጥ ሞተርና አንቴና ያላት ግራጫ የራዲዮ ሣጥን ተገኙ። እናቱ መጫወቻ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። በራዲዮ የሚነዳ አውሮፕላን መሆኑን፣ እዚያ በነበረበት ጊዜ የአውሮፕላን ሠሪዎች ክበብ ገብቶ እንደተማረው፣ እያንዳንዷን እንጨት በገዛ እጁ እንደቆረጣት አስረዳቸው። እሳቸውም ዋናው አንተ በሰላም መግባትህ ነው ብለው ወደ ጓዳ ገቡ ይባላል።

እኔ የጉደር ልጅ ነኝ። አምቦ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ እሱ ደግሞ የትራክተር ጥገና ኃላፊ ሆኖ ወደዚያው ተመደበ። ደሴ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ኦሮምኛ አንድ ቃል የማያውቅ፣ ቀጭን፣ ባለ መነጽር ሰው ነበር። ወሬ አያውቅም። እኛ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ዕለት አባቴ ስለ አገሩ፣ ስለ ዘመዶቹ ሲጠይቀው ባጭር ባጭሩ እየመለሰ ዓይኑን ከበራችን ላይ አላነሣም። ኋላ ላይ ዘይት ካለ እንዲሰጡት ጠየቀ። ማጠፊያውን ዘይት አጠጥቶ ያ ስንት ዓመት ሲያላዝን የኖረ በር ዝም ሲል አባቴ ወደ እናቴ ዞር ብሎ በኦሮምኛ፣ ይሄ ልጅ ቤት ያቆማል አለ።

ተጋብተን ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን። አንደኛው ክፍል የአውሮፕላኗ ሆነ። አልከፋኝም፤ ጥቂት ወር ቆይቶ የሚሰለቸው ነገር መስሎኝ ነበር።

ፈቃድ ለማግኘት ብዙ ደከመ። ዘመኑ ራዲዮ የሚያስተላልፍ ዕቃ ይዞ መገኘት የሚያስጠይቅበት ነው። ሰው ሳይጠቁመው እሱ ራሱ ቀድሞ ሄዶ አመለከተ። ቀበሌው ወደ አውራጃው፣ አውራጃው መልሶ ወደ ቀበሌው ሲመራው ከረመ። በመጨረሻ አንድ የአውራጃው ባለሥልጣን አስጠርተው ዕቃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ድምፅ ይሰማበት እንደሆነ፣ ከሱዳን ጋር ያገናኝ እንደሆነ ጠየቁት። ባለቤቴ ሳይስቅ አንድ በአንድ መለሰላቸው። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ አውሮፕላኗ እኛ ቤት ትቀመጣለች፤ ራዲዮዋ ግን ቀበሌ ተቆልፎባት ትሰነብትና እሑድ እሑድ ፈርመን እንወስዳለን፤ ሜዳ ስንወጣም አንድ የአብዮት ጥበቃ አብሮን ይሄዳል።

የተመደበልን ጥበቃ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም የማያንስ፣ አሮጌ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር። እሑድ ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ፣ “አካም ቡልተን፣ ባርሲፍቱ” ይለኛል፤ መምህርት፣ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። ከዚያ እሱና እኔ እስከ ሜዳው ድረስ በኦሮምኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ እያወራን እንሄዳለን። ባለቤቴ አውሮፕላኗን በሁለት እጁ ታቅፎ ከፊት ከፊት ይራመዳል። አንዳንዴ ምን እንደምንስቅ ዞር ብሎ ይጠይቀኝና እተረጉምለታለሁ። ሲተረጎም ግን ብዙም አያስቅም።

ሜዳው ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የከብት ግጦሽ ነበር። እዚያ እንደደረስን ባለቤቴ መሬት ላይ ሸራ ያነጥፍና ዕቃውን ይደረድራል። ነዳጁን ራሱ ነበር የሚቀምመው፤ ላምባ፣ የጉሎ ዘይትና ኤተር። የላምባ ችግር የለም፤ ጉሎውንም ገበያ እናገኛለን። ኤተሩን ግን አዲስ አበባ ሲሄድ ከሐኪም ቤት ለምኖ ነበር የሚያመጣው። ሞተሯ ላይ ያለችውን ብሎን ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ላላ እያደረገ ፕሮፔለሩን በጣቱ ይመታል፤ ይመታል፤ ሞተሯ ታስላለች። ከዚያ በድንገት ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ታወጣለች። ከብቶቹ ጭራቸውን ሰቅለው ይሮጣሉ። መጀመሪያ የሰማ ዕለት ጥበቃውም ጥቂት እንደ መሸሽ ብሎ ነበር።

አንዴ ከተነሣች ሞተሯን ማጥፊያ አልነበራትም። በራዲዮ ሣጥኗ ላይ ያሉት ሁለት ዘንጎች አንዱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ያዟታል እንጂ ነዳጇ እስኪያልቅ ትበራለች። ሲያልቅ ዝም ትልና እየተንሳፈፈች ትወርዳለች።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን በሣሩ ላይ ሮጣ ስትነሣ የተሰማኝን መናገር ይከብደኛል። እንጨቱን አውቀዋለሁ፤ ስንት ሳምንት ሲፋቅ፣ ሲለጠፍ አብሬ ነበርኩ። ያ እንጨት አየር ላይ ቆመ። ቀጥ ብላ ራቀች፣ ራቀች። ባለቤቴ አዞራትና ፊቷን ወደ እኛ መለሰች። ያኔ እጁ ተሳሳተ። ወደ ቀኝ ማለት ሲገባው ወደ ግራ፣ ለማቃናት ሲሞክር ጭራሹን አጣመማት፤ ሄዳ ባሕር ዛፉ ላይ ተንጠለጠለች።

ወደ ቤት ስንመለስ በምላጭ ሣጥን ጀርባ ላይ ሥዕል ሥሎ አሳየኝ። አውሮፕላኗ ካንቺ ስትርቅ ቀኟ ያንቺ ቀኝ ነው፤ ፊቷን አዙራ ስትመጣ ግን ቀኟ ያንቺ ግራ ይሆናል አለኝ። ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አእምሮው ያወቀውን እጁ አልሰማ አለው እንጂ። እዚያ ክበብ ውስጥ የሱን ያህል መሥራት የሚችል እንዳልነበረ፣ የሚያበሩት ግን ሁልጊዜ ሌሎች እንደነበሩ የነገረኝ በዚያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መውደቅና መጠገን ነበር። እሑድ ትወድቃለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወደዚያ ክፍል ይገባል። የተሰበረውን በምላጭ ያጸዳል፣ በኮላ ያያይዛል፣ በስፌት ክር ያስራል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ክንፏን ከገላዋ ጋር የሚያስረው የብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ እየሸነሸነ ነበር። በመጨረሻ ጣቶቹን ከክንፎቿ ሥር አድርጎ ያነሣታል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳታዘነብል ከቆመች ደህና ናት። ካዘነበለች ለክብደት ከተለጠፈባት የእርሳስ ብረት ከአንዷ ቦታ ቀንሶ ሌላዋ ላይ ይጨምራል።

ከውጭ ያመጣው ቀላል እንጨት ሲያልቅበት ጥዱን ሞከረ፤ ከበደ። ቀርከሃውን ሞከረ፤ ጠመመ። አንድ ቀን ከመስክ ሲመለስ የወለንሱ ቅርንጫፍ ይዞ መጣ። ያ ቀይ አበባ የሚያብበው፣ እኛ አገር ለአጥር የሚተከለው ዛፍ ነው። ካደረቀው በኋላ እንደ ቡሽ ቀለለ። ስስ አድርጎ ሰንጥቆ በጣቱ ሲያንኳኳው እንደ ወረቀት ነበር የሚሰማው። በዚያ ሰሞን ያየሁበትን ደስታ በሠርጋችን ቀንም አላየሁበትም። ክንፉን የሚያለብሰው ጨርቅ ደግሞ ገበያ ውስጥ ሱቅ ካለው የስልጤ ነጋዴ አገኘን፤ ሙስሊም ሴቶች ራሳቸው ላይ የሚያስሩት ስስ ቢጫ ሻሽ ነበር። ነጋዴው ለምን እንደሆነ ሲሰማ ለአውሮፕላን ሻሽ ሸጬ አላውቅም ብሎ አንዱን መረቀልን።

አንድ እሑድ ባለቤቴ ሲያበራት ዓይኑ ውስጥ ትንኝ ገባችበት። መነጽሩን እያወለቀ፣ ሣጥኗን ደረቴ ላይ ደገፍ አድርጎ፣ “ያዢ፣ ያዢ፤ ዝም ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢ” አለኝ። ያዝኩ። ቀጥ ብላ አልሄደችም፤ ነፋሱ ገፋትና ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። እኔም መለስኳት። አሁንም ዞረች፤ መለስኳት። ግራና ቀኙ ምንም አላምታታኝም። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ጂኦግራፊ ከመጀመሬ በፊት ትናንሽ ልጆች ፊት ለፊት ቆሜ ቀኝ እጃችሁን አንሡ ስል፣ እንዳይሳሳቱ ብዬ እኔ ግራዬን ነበር የማነሣው። ስንት ዓመት እንዲህ አስተምሬአለሁ። ዓይኑን ጠርጎ ሲጨርስ ሜዳውን አዙሬያት ጨርሻለሁ። ነዳጇ አልቆ እስክትወርድ ሣጥኗን መልሶ አልወሰደብኝም። ሣሩ ላይ አርፋ ስትቆም እዚያው ጥበቃው ፊት አቀፈኝ። ያ ደስታ የምር ነበር፤ እስከ ዛሬ አልጠራጠረውም።

ከዚያ ወዲህ አብራሪዋ እኔ፣ ጠጋኙ እሱ ሆንን። አንዳንዴ እሱ ያስነሣትና ልትዞር ስትል ሣጥኗን ለእኔ ያቀብለኛል። ከበረራ በኋላ ክንፏ ላይ የተረጨውን የጉሎ ዘይት የሚጠርገው፣ የባትሪ ድንጋዮቹን ከሣጥኗ አውጥቶ በጨርቅ የሚጠቀልለው እሱ ነበር። ድንጋዮቹ ውስጧ ከቆዩ አልቅሰው ይበሏታል ይለኝ ነበር። ሣጥኗን ለቀበሌ የሚያስረክበው ባዶዋን ነው።

ሰው እየለመደን መጣ። እሑድ ከቅዳሴ የሚመለሰው፣ ፍል ውሃ ሊዋኝ የመጣው፣ የጫት ሰዓቱን የሚጠብቀው ሁሉ ወደ ሜዳው ብቅ ይል ጀመር። ተማሪዎቼ ሥርዓት ይዘው ይቀመጣሉ። ሰዉ አውሮፕላኗን በእኔ ስም ጠራት፤ የባርሲፍቱ አውሮፕላን ተባለች። አንድ ቀን ባለቤቴ ከፀጉር ቤት ተመልሶ፣ ፀጉር አስተካካዩ አንተ የአውሮፕላኗ ባለቤት ባል ነህ ወይ እንዳለው እየሳቀ ነገረኝ። እኔም ሳቅሁ። የሱ ሳቅ ከእኔ ቀድሞ እንዳለቀ ልብ ብያለሁ፤ ግን ነገሩን አላነሣሁትም። አውሮፕላኗ የሱ መሆኗን ለሰዉ መናገር የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፤ ይበቃል ብዬ ነበር።

በአንድ የመኸር ወቅት ጊንጪ ላይ የገበሬ ማኅበራት የምርት በዓል ተዘጋጀ። ያ ፈቃድ የሰጡት ባለሥልጣን አውሮፕላኗ እዚያ እንድትታይ ፈለጉ። ባለቤቴን ቢሮአቸው ጠርተው፣ ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የመጣ መሐንዲስ በገበሬው ፊት ቢያበር ለዕድገት ምሳሌ ይሆናል አሉት። የምታበረው ሚስቴ ናት አላላቸውም። እሱ እንዲያበር መፈለጋቸውን ለእኔም የነገረኝ በበዓሉ ጠዋት፣ አምቦ አውቶቡስ ተራ ቆመን ነው። አውሮፕላኗን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፏት ነበር። ዛሬ እሱ ቢያበር ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምን ቅር ይለኛል አልኩት። ደግሞም ቅር አላለኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ አንዴ እንኳን ሰው ሁሉ አይቶት ቢያጨበጭብለት ብዬ ተመኘሁ። ፈራሁ እንጂ። መፍራቴን ግን አልነገርኩትም፤ ብነግረው ያላመንኩበት ይመስለዋል ብዬ።

ጊንጪ ስንደርስ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ፈረሰኞች አሉ፣ የትምህርት ቤት ባንድ አለ፣ የጤፍና የስንዴ ነዶ በየገበሬ ማኅበሩ ተደርድሯል። በአንድ በኩል እናቶች ሕፃናት ታቅፈው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። የጭልሞ ጫካ ከበስተጀርባ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ነፋሱ ከኛ ሜዳ ነፋስ የበረታ ነበር። ባለሥልጣኑ በድምፅ ማጉያ ጓድ መሐንዲሱን አስተዋወቁና ከባለቤቴ በስተግራ ቆሙ። እኔ በስተቀኙ ቆምኩ። የኛ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላችን ቆመ።

መነሣቷ ያምር ነበር። ሰዉ ባንድ ላይ ተነፈሰ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ቀጥ ብላ ወጣች፣ ራቀች፣ ቢጫው ሻሽ ፀሐይ ገባበት። ባለቤቴ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ማዞር ግድ ሆነ። አዞራት። ያን ጊዜ እጆቼን ወደ ፊት ዘረጋሁ፤ እንደ ልማዳችን ያቀብለኛል ብዬ። ፊቱን አላዞረም። በአንድ እጅ ርቀት ነበርን። ነፋሱ ገፍቶ አመጣት፣ አንዴ ተሳሳተ፣ አቃና፣ ደግሞ ተሳሳተ። ከዚያ ዝቅ ብላ በቀጥታ እናቶቹ ወደተቀመጡበት መጣች። ሞተሯ እየጮኸች ነው፤ ማጥፊያ የላትም። ባለቤቴ ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ስህተት አልነበረም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሞከረም። አንዱን ዘንግ በአውራ ጣቱ እስከ መጨረሻው ገፍቶ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋት። ከሰዉ ወዲህ፣ ድንጋይ የበዛበት እርሻ ላይ ተከሰከሰች።

ሰዉ አጨበጨበ። የትርኢቱ ማለቂያ መስሎት ነው። ባለሥልጣኑም ነገሩ ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው አጨበጨቡና የባለቤቴን ትከሻ መታ መታ አደረጉት። እሱ ስብርባሪውን ሊለቅም ሄደ። ራዲዮዋን የባለሥልጣኑ ሰዎች ተቀብለው መኪና ላይ ጫኑ፤ ወደ ቀበሌው እኛ እናደርሳታለን አሉን። የባትሪ ድንጋዮቹ ትዝ ያሉት ሰው አልነበረም።

ስንመለስ ብርድ ልብሱን ከነስብርባሪው ጉልበቱ ላይ አድርጎ በመስኮት እያየ ሄደ። ጥበቃው ከኋላ ተቀምጦ ሕፃናቱ በመትረፋቸው በኦሮምኛ ፈጣሪን ያመሰግናል። አምቦ ልንገባ ስንል ባለቤቴ ወደ እኔ ሳይዞር፣

“ሣጥኗን ከእጄ ለምን አልወሰድሽም?” አለኝ።

“ስላልሰጠኸኝ” አልኩት።

ሌላ አልተነጋገርንም። ያን ዕለት ብቻ አይደለም፤ ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላም አልተነጋገርንም። ስንት ጊዜ በልቤ ንግግሩን ቀጥዬዋለሁ። አንተ እንድትሰጠኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ ሰው ፊት ነጥቄህ ላሳፍርህ አልፈለግሁም እለዋለሁ። እሱም እንድትወስጂልኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ በሰው ፊት ዞሬ ስሰጥሽ መታየት ከብዶኝ ነው ይለኛል። ከዚያ እንስቃለን። በእውነተኛው ቤታችን ውስጥ ግን እሱ ራቱን በልቶ ይነሣል፤ እኔ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። ጠብ አልነበረንም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ያ ክፍል ብቻ ተዘጋ። የሁሉን በር፣ የሁሉን ሰዓት፣ የጎረቤቱን ምጣድ ሳይቀር የሚጠግን ሰው፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለችውን አውሮፕላን ለስንት ወር አልፈታትም።

በሚቀጥለው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ፈታኋት። ያየሁትን ሁሉ እያስታወስኩ ሰነጠቅሁ፣ ለጠፍኩ፣ አሰርኩ። እሱ ሲገባና ሲወጣ ያያል፤ አይናገርም። አንድ ቀን ከበሩ ላይ ቆሞ ቆይቶ ገባና ጣቶቹን ከክንፏ ሥር አድርጎ አነሣት። ወደ ኋላ ትከብዳለች አለ። አስቀምጧት ወጣ። በማግሥቱ ስመለስ አፍንጫዋ ላይ እርሳስ ተጨምሮ፣ ያጣመምኩት የጭራዋ እንጨት ተቃንቶ አገኘሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ራዲዮዋን ልናወጣ ቀበሌ ሄድን። የሣጥኗን ክዳን ሲከፍት ድንጋዮቹ አልቅሰው አረንጓዴ ዝገት ሠርተዋል፤ ሽቦው ተበልቷል። ቤት ወስዶ በሎሚ ጠረገው፣ በፒንሳና በካቻቢቴ ብዙ ታገለ። አልነሣ አለች። መለዋወጫ እንዲልኩለት የጥንት ጓደኞቹን በሰው በሰው ጠየቀ፤ ምንም አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ይዘናት እንውጣ አለኝ። ሞተሯን ፈትቶ በምትኩ እርሳስ አሰረላት። ወደ ወንጪ በሚያወጣው መንገድ ሽቅብ ሄደን፣ አምቦ ከታች ከሚታይበት ተረተር ላይ ቆምን። ነፋሱን በተነቀለ ሣር ለካ። ከዚያ አቀበለኝና አንቺ ወርውሪያት አለኝ። አንተ ወርውራት አልኩት። ትንሽ ተግደረደርን፤ በመጨረሻ እሱ ወረወራት። ያለ ድምፅ ሄደች። ማንም ሳያዛት ቀስ ብላ ወደ ግራ ታጥፋ፣ በገብሱ ማሳ ላይ ተንሳፍፋ፣ ከታች አረፈች። ሮጠን ወረድን። እንደዚያ ሮጠን አናውቅም። የገብሱ ባለቤት ሚስት ከቤቷ ወጥታ ምን ጠፋባችሁ ብላ ጠየቀችን። የአውሮፕላኗ የግራ ክንፍ ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር። ቀላል ነው፣ እሠራዋለሁ አለኝ።

ሳይሠራው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። ሰፈራ ጣቢያ ትራክተሮች ተበላሽተው ቆመዋል ተብሎ ነው። ለጥቂት ወራት የተባለው ተራዘመ። በየበዓሉ ሲመጣ እየከሳ፣ እየጠቆረ ነበር። ወባው ይነሣበታል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ይነሣበታል። ሲመጣ ደካማ ስለሚሆን አውሮፕላኗን አላነሣበትም ነበር፤ ይረፍ ብዬ። ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በሰው ተደግፎ ነው። ሐኪም ቤት ተኝቶ ወጣ፤ ቤት አስተኛሁት። ከአልጋው ሆኖ የዚያ ክፍል በር ሲከፈት የአውሮፕላኗ ጭራ ይታየዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ክንፏን ጠግኜው እንደሆነ ጠየቀኝ።

“አንተን እየጠበቅሁ ነው” አልኩት።

“አንቺም ትችያለሽ እኮ” አለኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ አለሳልሶ ነው ያለው። ያን ጊዜ ብነሣና አጠገቡ አምጥቼ ብሠራት፣ ኮላው እስኪደርቅ እንኳን አብረን ብንጠብቅ ምን ነበረበት። ሾርባ ላሞቅለት ወደ ኩሽና ሄድኩ። በዚያው ሳምንት አረፈ።

ለለቅሶ የኛ ጥበቃ መጥቶ ነበር። ጠመንጃውን ውጭ አስደግፎ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። በኦሮምኛ፣ ጊንጪ ላይ ሰዉን አትርፎ የራሱን ሥራ የሰበረ ሰው ነው፣ ይህን ለልጆቼ ነግሬአቸዋለሁ አለኝ። ለባለቤቴ ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ከዚያ ቀን ያስታወስኩት የወደቀችውን አውሮፕላን፣ ያልተቀበልኩትን ሣጥንና የተናገርናቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነበር። እናቶቹን ረስቼአቸው ነበር።

መንግሥት በተለወጠበት ሰሞን ወታደሩ በከተማችን ሲያልፍ በራችንን ዘግተን ሰነበትን። ቀበሌ የነበረው ዕቃ ሁሉ ተበታተነ። ነገሩ ሲረጋጋ አንድ እሑድ ጠዋት ምላጭና ኮላ አውጥቼ ያንን ስንጥቅ ጠገንኩት። ሥራው የአንድ ጠዋት ነበር። ሲደርቅ ፈገፈግሁት፣ ሻሹን መልሼ ለጠፍኩ፣ ጣቶቼን ከክንፎቿ ሥር አድርጌ አነሣኋት። ወደ የትም አላዘነበለችም። መልሼ አስቀመጥኳትና እጄ ላይ የቀረውን ኮላ ልታጠብ ወጣሁ።